ከወናጎ በላይ ያለው ዳገት

ስኳር አለብህ የተባልኩት ውኃ ጥሜ አልቆርጥ፣ ሌሊት ሽንት አላስተኛ ብሎኝ ዲላ ላይ ስመረመር ነው። በባዶ ሆድ 126 ከደረሰ ስኳር ነው ይባላል፤ የእኔ ከ300 በላይ ወጣ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ታዘዘልኝ። ነርሷ ካርዴን እየሰጠችኝ፣ «መምህር፣ ባጃጁን ይተዉትና በእግርዎ ይሂዱ፤ እሱም መድኃኒት ነው» አለችኝ። ለማጽናናት ያለችው መስሎኝ ነበር።

ሄድኩ። ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ አስፋልቱን ይዤ ወደ ወናጎ አቅጣጫ፣ ላብ ላብ እስኪለኝ። ወራት ሲያልፉ ቁጥሩ ወረደ፣ የሌሊቱ ምልልስም ቀረ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይወስዳል፤ ካረፈም በኋላ ሰውነት ለኢንሱሊን የበለጠ ይታዘዛል፣ እስከ ማግስቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚባለውን ቅዳሜ ላይ አጠራቅሞ መጨረስ የማያዋጣው፣ ሁለት ቀን በተከታታይ አትዝለሉ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከዚያ የቀብሩ ቀን መጣ። የባልደረባዬ እናት ከወናጎ በላይ ባለ ቀበሌ አርፈው፣ ዝናብ አድሮ ስላዳለጠ ባጃጁ መንገድ ላይ አወረደን። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ቡናውና ስለ ዛፎቹ ብዙ ተወራ፤ ዳገቱን ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ቁርሴንም ክኒኔንም በሰዓቱ ወስጄአለሁ። ቀብሩ ግን ዘገየ፣ የምሳ ሰዓት አለፈ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ አጠገቤ የሚሄደው ሰው ስሙ ጠፋኝ። «ልረፍ» ልል ስል ምላሴ ተሳሰረ። ከኋላ አንዱ፣ «ለቅሶ ላይ እንኳ አይተወውም?» ሲል ሰማሁ። ሰክሯል ማለቱ ነው። አንዲት እናት ግን ከአጥራቸው ወጥተው አፌን አሸተቱ። «ኧረ አልጠጣም፣ ታሞ ነው!» አሉና ደጃቸው አስቀመጡኝ። ቡና አፍልተው ነበርና በስኒ አቀረቡልኝ፤ በጨው። ባልደረባዬ ስኳር እንዳለብኝ ሲናገር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ «ታዲያ ስኳር እንዳታስነኩት!» የሚል በዛ።

ያተረፈችኝ ከለቀስተኛው መሃል የነበረች የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። «አሁን የጎደለው እሱ ነው!» ብላ ልጅ ወደ ሱቅ አስሮጠች። በፌስታል የመጣውን ስኳር ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ በውኃ በጥብጣ፣ አገጬን ይዛ ቀስ በቀስ አጠጣችኝ። ጥርሴ ብርጭቆውን ሲመታው ይሰማኛል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ደገመችልኝ። ሰዉ መልክ እየያዘ መጣ፣ የባልደረባዬም ስም ተመለሰልኝ። ጤና ጣቢያ ስደርስ፣ ያን ሁሉ ጠጥቼ፣ ገና 74 ነበር፤ ከ70 በታች አደገኛ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፣ ትን ይለዋል፤ እየሮጡ ወደ ሕክምና ነው።

ባለቤቴ፣ «ከእንግዲህ ከደጅ አትወጣም» ብላ ቆርጣ ነበር። ሐኪሙ በተቃራኒው ግሊቤንክላማይዱን ቀነሰልኝ። እግሬ የክኒኑን ሥራ እየተጋራ ስለነበር የድሮው መጠን በዝቶብኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ወንድም ተነሥቶ፣ በእግር መሄድ ስለጀመረ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ እንዳቆመ ሲመሰክር ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ አላልኩም። የእኔ የተቀነሰው ተለክቶ፣ በሐኪም እጅ ነው፤ ሜትፎርሚኑን ዛሬም እውጣለሁ።

አሁንም እሄዳለሁ፤ ያን ዳገት ጭምር። መንገዱ ከረዘመ ቆሎ ወይም ሙዝ እይዛለሁ፤ ማታ እግሬን ታጥቤ በጣቶቼ መሃል ቁስል እንዳለ አያለሁ፣ የስኳር ሰው እግሩ ሲደነዝዝ እሾኽ እንኳ አይሰማውምና። ከረሜላ ከኪሴ አይጠፋም። የሠፈሩ ልጆች ይህን ስላወቁ መንገድ ላይ ይጠብቁኛል፤ ስለዚህ የግራው ኪስ የእነሱ ነው፣ የቀኙን ግን ቢያለቅሱም አልነካላቸውም።