የለንደኑ የሐምሌ ትኩሳት የአሳማ ጉንፋን ነበርን?

ከለንደን፤ በአዲስ አበባ ለሚገኙ ቤተሰቦችና ወዳጆች

በ2001 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በደቡብ ለንደን የሚኖረውን የዘመድ ቤተሰብ አልጋ ላይ የጣለው ትኩሳት የአሳማ ጉንፋን ነበር ወይስ ሌላ በሽታ የሚለው ጥያቄ በአገር ቤትም ሆነ እዚህ መቋጫ ሳያገኝ የቆየና ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡና ላይ የሚሰማው በመሆኑ፣ ሊታወቅ የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ መጻፍ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ደብዳቤ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የአሳማ ጉንፋን የሚባለው በሽታ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ሲሆን፣ ኢንፍሉዌንዛ ከተራው ጉንፋን የሚለየው በድንገት በሚነሣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በደረቅ ሳል፣ በቁርጥማትና ሰውነትን በሚያዝል ድካም ነው። በዚያ ዓመት የታየው ዝርያ ኤች1ኤን1 የተባለው በቫይረሱ ገጽ ላይ በሚገኙ ሁለት ፕሮቲኖች ምክንያት ሲሆን፣ አንደኛው ቫይረሱ ወደ ሰው ሴል ለመግባት የሚጣበቅበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ተባዝቶ ከሴሉ ተላቅቆ የሚወጣበት ነው። ቫይረሱ በአሳማዎች መካከል ይዘዋወሩ ከነበሩ ዝርያዎች ተዳቅሎ የተገኘ በመሆኑ ስሙን ከአሳማ ቢወስድም፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሳልና በማስነጠስ እንጂ የአሳማ ሥጋ በመብላት አልነበረም። በሚያዝያ ወር በሜክሲኮና በካሊፎርኒያ መታየቱ ከታወቀ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያወጀ ሲሆን፣ በዚያው በሰኔ ወር ኢትዮጵያም ከውጭ አገር በገቡ ሰዎች ላይ በሽታው መገኘቱን አስታውቃለች።

ሐምሌ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የዝናብና የብርድ ወር በመሆኑ በዚህ ጊዜ ጉንፋን የያዘው ሰው ማንንም አያስገርምም፤ በለንደን ግን ሐምሌ ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ የምትቆይበትና ሰዉ በየመናፈሻው ሣር ላይ የሚውልበት የበጋ ወር ስለሆነ፣ ኢንፍሉዌንዛም እዚህ በብርዱ ወራት የሚጠበቅ በሽታ ስለሆነ፣ በዚህ ወቅት ቤትን ያዳረሰ ትኩሳት ጥርጣሬ ማስነሣቱ ተገቢ ነበር። አዲሱ ቫይረስ የብርዱን ወራት ሳይጠብቅ የተዛመተውም አብዛኛው ሰው፣ በተለይም ልጆች፣ ከዚያ በፊት አግኝተውት ስለማያውቁና ሰውነታቸው መከላከያ ስላልነበረው ነው።

በቤቱ ውስጥ በመጀመሪያ የታመመው ትምህርት ቤት የሚሄደው ትልቁ ልጅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲጫወት የነበረው ልጅ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ብሎት ተኛ፤ ቴርሞሜትሩም 39 ዲግሪ አሳየ። ቀጥላ ታናሽ እህቱ በትኩሳት ተያዘች፤ ታስመልስም ነበር፤ እናታቸው ንፍጥና የጉሮሮ መከርከር እንጂ ትኩሳት አልነበራትም፤ ከአገር ቤት ከልጆቹ ጋር መጥተው የነበሩት አያት ደግሞ ነገሩ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ እያስፈለጉ፣ ሌሊቱን በልጁ ራስጌ ተቀምጠው ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበረዱ ቢያድሩም፣ እርሳቸው አልታመሙም።

ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጥ ይችል የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ቢመረመር ነበር። ሆኖም የብሪታኒያ መንግሥት የታማሚው ቁጥር እጅግ በመብዛቱ ሰኔ 25 ቀን እያንዳንዱን ተጠርጣሪ መመርመሩን አቁሞ በምልክት ብቻ ወደ ማከም ስለተሸጋገረ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የታመመ ተራ ቤተሰብ ምርመራ የማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር። ውሳኔው ላቦራቶሪዎችን ከመጨናነቅ ያዳነ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ያደረባቸውን በሽታ ለይተው ሳያውቁ እንዲቀሩ ያደረገው ይኸው ውሳኔ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን በእንግሊዝ የተከፈተው ብሔራዊ የወረርሽኝ ጉንፋን አገልግሎት በስልክና በኢንተርኔት ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ደዋዩ ስለ ምልክቶቹ ተጠይቆ መልሱ ከተቀመጠው መስፈርት ጋር ከተስማማ የፈቃድ ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ ታማሚው ከቤት እንዳይወጣ ይመከር ስለነበርም፣ ጤነኛ የሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቁጥሩንና መታወቂያ ይዞ ሄዶ ታሚፍሉ የተባለውን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይቀበልለት ነበር። ለዚህ ቤት መድኃኒቱን ያመጣችው ጎረቤት ነበረች። መራራ በመሆኑና ትንሿ ልጅ እንክብሉን መዋጥ ስላቃታት እናቷ እንክብሉን ከፍታ ዱቄቱን በማር ለውሳ ሰጠቻት።

ልጆቹ መድኃኒቱን ወስደው መዳናቸው በቤተሰቡ ዘንድ ለአሳማ ጉንፋንነቱ እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ቢኖርም፣ ማስረጃነቱ ደካማ ነው። ታሚፍሉ ቫይረሱ ከሴል ተላቅቆ የሚወጣበትን ፕሮቲን በማገድ የሚሠራና ሕመም በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይበልጥ የሚጠቅም ሲሆን፣ የሕመሙን ጊዜ የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ጤነኛ ልጅ ደግሞ ከተራ ጉንፋንም ሆነ ከኢንፍሉዌንዛ ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት በሳምንት ውስጥ ይነሣል። የልጅቷ ትውከትም ቢሆን ከበሽታው ወይም ከራሱ ከታሚፍሉ ሊመጣ የሚችል በመሆኑ፣ መድኃኒቱን ከመውሰዷ በፊት መጀመሩ ካልታወሰ በቀር ለየትኛውም ወገን ምስክር አይሆንም።

ይበልጥ የሚያስተማምነው በኋላ የተገኘው የደም ጥናት ነው። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊትና ከመጀመሪያው ማዕበል በኋላ የተወሰዱ የደም ናሙናዎችን ለፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ሰውነት ከቫይረስ ጋር ከተገናኘ በኋላ ለሚሠራቸው መከላከያዎች፣ መርምረው ሲያነጻጽሩ፣ በለንደንና በዌስት ሚድላንድስ ከሦስት ልጆች አንዱ ያህል በቫይረሱ ተይዞ እንደነበር፣ ይህም በሕክምና ክትትል ከተገመተው አሥር እጥፍ ገደማ መሆኑን አግኝተዋል። እንግዲህ በዚያ ወር፣ በዚያች ከተማ፣ በድንገት 39 ዲግሪ ትኩሳት የያዘው የትምህርት ቤት ልጅ የአሳማ ጉንፋን ይዞት ነበር ማለት እጅግ የሚያስኬድ ሲሆን፣ እህቱም እርሱን ተከትላ በመታመሟ በዚያው ትመደባለች፤ ትኩሳት ያልነበራት እናት ግን ተራ ጉንፋን ይዟት ሊሆን ስለሚችል ስለ እርሷ መፍረድ አይቻልም።

የአያት አለመታመም ከሁሉ ይልቅ ቤተሰቡን ሲያስደንቅ የኖረ ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ሳይቀር ያስተኛው የኅዳር በሽታ የዓለም አቀፉ ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አካል ሲሆን፣ ቫይረሱ ኤች1ኤን1 ነበር፤ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው፣ ኅዳር ሲታጠን የሚባለውም፣ የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው። የዚያ ቫይረስ ዘሮች እስከ 1949 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በዓለም ላይ ሲዘዋወሩ ስለቆዩ፣ በዚያ ዘመን በልጅነታቸው የተያዙ አዛውንቶች በከፊል የሚከላከል አቅም ይዘው ቆይተዋል፤ በ2001 ዓ.ም. ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ከወጣቶች ያነሰ የተያዙትም በዚህ ምክንያት ነው። አያት በዚህ ድነው ይሆናል ማለት ግምት ቢሆንም መሠረት ያለው ግምት ነው።

በዚያ ቤት ሊታሰብ ሲገባው ያልታሰበ ሌላ ነገር ነበር። ልጆቹ አገር ቤት ደርሰው ወደ ለንደን የተመለሱት ከአያት ጋር ስለነበረና ከመመለሳቸው በፊት በአዋሽ ዳር ከዘመድ ዘንድ ሰንብተው ስለነበር፣ ትኩሳቱ ወባም ሊሆን ይችል ነበር፤ በኢትዮጵያ የሚገኘው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንኳ ሊያገረሽ ይችላል። የእንግሊዝ ሐኪሞች በዚያ ዘመን ወባን ጨምሮ ለሕይወት የሚያሰጉ በሽታዎች የአሳማ ጉንፋን ተብለው የታለፉባቸው ሕሙማን እንደነበሩ በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ስለዚህ ከቆላ አገር ደርሶ ወደ አውሮፓ የመጣ ወይም የተመለሰ የቤተሰብ አባል ትኩሳት ከያዘው፣ ጎረቤት ሁሉ ጉንፋን ታሟል ቢባልም፣ የት እንደነበረ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ የወባ የደም ምርመራም በዚያው ቀን እንዲደረግለት ይጠይቅ።