«ሜክሲኮስ?»

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ በነበርሁበት ዘመን፥ በማይጨው ጦርነት ወንድማቸው የወደቀባቸው አያቴ አንድ ማታ «ልጄ፥ ያን ጊዜ ዓለም ስለ ምን ተወን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም የሞርጌንታውን መጽሐፍ ገና ማንበቤ ስለ ነበር፥ «አባባ፥ መንግሥታት የሚሄዱት በኃይልና በጥቅም መንገድ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ፥ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋራ እንዳይወዳጅ ብለው አሳልፈው ሰጡን» ብዬ በኩራት መለስሁ።

ይህ የሪያሊስቶች መልስ ሐሰት አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ስትወረን የስዌዝ ቦይ ለመርከቦቿ አልተዘጋም፤ የመንግሥታት ማኅበር በወሰነው ቅጣት ውስጥም ነዳጅ ዘይት አልገባም።

ሊበራሎች የሚባሉት ሊቃውንት ግን፥ ሕግና ማኅበር የመንግሥታትን ጠባይ ሊገሩ ይችላሉ ይላሉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ የገባችውም፥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ አቤቱታቸውን ያሰሙትም በዚሁ ተስፋ ነበር። ሕጉ ተጽፎ ሳለ፥ የሚያስፈጽመው ፈቃድ ታጣ።

አያቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፥ «ሜክሲኮስ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እንግሊዝ እንኳ በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ገዥነት ስትቀበል፥ ሜክሲኮ አልቀበልም እንዳለች ጸንታለች። አዲስ አበባ ላይ አደባባይ በስሟ የተሰየመላትም ስለዚሁ ውለታ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ አሌክሳንደር ዌንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ካወጣው ጽሑፍ ነው። ኮንስትራክቲቪስት የተባሉት እርሱና መሰሎቹ እንደሚሉት፥ አንድ መንግሥት ጥቅሙን የሚለየው አስቀድሞ ማንነቱን ባወቀበት መጠን ነው። ሜክሲኮ በ1848 ግማሽ ያህል ግዛቷን ለአሜሪካ ያስረከበች፥ ኋላም በፈረንሳይ ጦር የተወረረች አገር ናት። በእኛ ቁስል የራሷን ቁስል አይታ ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፥ ሜክሲኮ ጦር አልላከችልንም፤ ልታድነንም አልቻለችም። ስለዚህ ሪያሊስቱን መናቅ ሞኝነት ነው። ነገር ግን ለደካማ አገር ልጅ «ከኃይል በቀር ሌላ የለም» ብሎ ማስተማር፥ ሳትዋጋ እጅህን ስጥ ማለት ይሆናል።

አያቴ ካረፉ ዘመን ሆኗቸዋል። ዛሬ እኔም በተራዬ ስለ መንግሥታት ጠባይ ሳስተምር፥ ኃይልን አስቀድሜ፥ ሕግን አስከትዬ፥ በመጨረሻ የእርሳቸውን ጥያቄ ለተማሪዎቼ አቀርባለሁ።