ጃኩን የሚነቅለው እጅ

ዛሬ ጧት ጎረቤቴ እትዬ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ዋይፋያቸውን የምታቆይላቸውን ከሱቅ የተገዛች ሣጥን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው መጡና «ልጄ፣ እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ገመዱን ስስበው አብሮ መጣ» ሲሉኝ ባየው፣ የኃይል መግቢያው ጃክ ከአዳፕተሩ ፕላግ ላይ እንደተሰካ፣ ከሥሩ የነበረውን መዳብ ጭምር ከቦርዱ ገሽልጦ ወጥቷል። ባትሪና አዳፕተር የሚያፈራርቀውን የእኛን ሁለተኛ ቦርድ የምትጠብቁ ወዳጆቼ ሆይ፣ ለፋብሪካ ሳልልከው አንድ ሌሊት ልጨምርበት የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ቦርድ ላይ ከሰፈሩት ክፍሎች መካከል የሰው እጅ በየዕለቱ የሚገፋውና የሚጎትተው ጃኩን ሲሆን፣ ነዳፊው ግን ስለ ቮልቱና ስለ አምፔሩ ሲያሰላስል አድሮ፣ ጃኩን በርካሽነቱና በመልኩ ማማር መርጦ ያልፈዋል። በቦርዱ ገጽ ላይ ብቻ በሶልደር የሚለጠፈው ዓይነት ለፋብሪካው ማሽን ቢመችም፣ የተማመነው ስሱን መዳብ ከቦርዱ ጋር ባጣበቀው ሙጫ ብቻ ነውና የእትዬን ክንድ አይመክትም፤ እግሮቹ ቦርዱን ዘልቀው ከጀርባው የሚበየዱት ግን ጉተታውን ለቦርዱ ሥጋ ያካፍሉታል። ስለዚህ የእኛው ባለ እግር ይሆናል። እግሮቹም ጠፍጣፋ ስለሆኑ ቀዳዳቸው ሞላላ ይሁን፤ ክብ ሆኖ ከተበሳ እግሩ በሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ሲዋልል ሶልደሩ ሊሞላው ይቸገራል። አፉ ደግሞ ከቦርዱ ጠርዝ እንዳይሸሽ፣ እንዲያውም በሣጥኑ ግድግዳ ውፍረት ልክ ወጣ እንዲል አድርጌዋለሁ፤ ያለዚያ የፕላጉ ወፍራም አንገት ከግድግዳው ይጋጭና መንገዱን ሳይፈጽም ይቀራል።

ልኩን በተመለከተ፣ የውጭው 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ የመካከሉ 2.1 ወይም 2.5 ስለሚሆን፣ ሁለቱ መንትዮች በዓይን አይለዩም። የ2.1 ፕላግ በ2.5 ጃክ ጨርሶ አይገባም፤ የ2.5 ፕላግ ግን በ2.1 ጃክ ሰተት ብሎ ይገባና ልል ሆኖ፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ኃይሉን ይቆራርጣል። እምቢ ከሚለው ይልቅ እሺ ብሎ የሚከዳው ይከፋል።

የጃኩ ሦስተኛ እግርስ? ፕላጉ ሲገባ የባትሪውን መስመር እንዲቆርጥ፣ ሲወጣ እንዲመልስ የተሠራ ስስ የናስ ምላስ ነው። ይህን ምሥጢር ያወቅሁት አድጌ፣ ነፍሱን ይማረውና አጎቴ ከዚህ ዓለም ካለፈ በኋላ ነው። በልጅነቴ የአጎቴ ቴፕ ከመብራት ሲነቀል በድንጋይ አልሠራ ይል ነበር። አጎቴም ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ በጥርሱ ይነክሳል፣ አዲስ ይገዛል፤ ሁሉም ከንቱ ሲሆንበት ፊቱን ወደ እኔ መልሶ «ስትዘፍንበት ጨረስከው» ብሎ ይፈርድብኛል። ይግባኝ የሚባልበት ዙፋን አልነበረም። ጥፋተኛው ደክሞ ወደ ቦታው መመለስ ያቃተው ያ ናስ እንደነበር ዛሬ በማስረጃ ማስረዳት እችላለሁ፤ ዳኛው ግን የለም። በዘፈን ምክንያት የተቀበልኩት ኩርኩም ሁሉ በሰማይ መዝገብ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በእኛ ቦርድ ባትሪውንና አዳፕተሩን የሚያፈራርቀው ሰርኪዩቱ ስለሆነ ሦስተኛው እግር ሥራ የለውም፤ ቢሆንም ለመያዣነት ይበየዳል። የጃኩ መካከል ፖዘቲቭ ነው፤ የጊታር ፔዳላችሁን አዳፕተር ግን አደራ አትሰኩበት፣ የእሱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው። ለሚሳሳት እጅ ስል በመግቢያው ላይ ተገልብጦ የመጣውን የሚያግድ ሞስፌት አኑሬያለሁ፤ ዳዮድ ባደርግ ኖሮ በ2 አምፔር ግማሽ ቮልት ያህል በልቶ 1 ዋት በሙቀት ያባክን ነበር።

«ታይፕ ሲ ለምን አይሆንም?» ለምትሉኝ፦ ሁለት የ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች 5 ቮልት ብቻ ያመጣሉ፤ ቦርዳችን ለሚፈልገው 12 ቮልት ከቻርጀሩ ጋር የሚደራደር ቺፕ ያሻል፣ ቻርጀሩም 5፣ 9፣ 15 እና 20 ይዞ 12ን ላይዝ ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚከራከረኝ ቢኖር የአጎቴ ወገን ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ደክሞኛል።