ስለ ትኩሳትና ስለ ተረፈ መድኃኒት

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ፣ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቤተሰቡ የሚያደርገው ነገር ተመሳሳይ ነው። በጋቢ ይጠቀልሉታል፤ ዳማ ከሴ ይጨምቁለታል፤ ይህ ካልረዳው ባለፈው ክረምት ለሌላ ሰው ታዝዞ የተረፈውን ክኒን ከቁም ሣጥን ፈልገው ያውጡለታል። ሕመምተኛው በማግሥቱ አልቦት ከተነሣ ክኒኑ ይመሰገናል፤ የቀረውም ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ይህ ልማድ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከፍቅርና ከችግር የመጣ ነው። ነገር ግን ውድ አንባብያን ሆይ፣ ያ ትንሽ ክኒን ፈጽሞ ባላሰብነው ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ እንወዳለን።

ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የሚነሣው ከአጥንት መቅኔ ነው። መቅኔ የደም ምንጭ ሲሆን፣ ከሚያፈልቃቸው ሕዋሳት መካከል ነጮቹ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ደዌው በገባ ጊዜ ምንጩ ባልበሰሉ፣ ለጥበቃም በማይጠቅሙ ሕዋሳት ይሞላል። ሐኪሞች እነዚህን ለማጥፋት ኬሞቴራፒ የተባለውን ብርቱ መድኃኒት ሲሰጡ፣ ከክፉዎቹ ጋር ደጎቹም ዘበኞች ያልቃሉ። በጤነኛ ሰው ደም፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ዘበኞች በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ1,500 በላይ ሆነው ሲገኙ፣ በዚህ ሕመምተኛ ደም ግን ከ500 በታች ይወርዳሉ። መድኃኒቱ የአንጀትንም ሽፋን ስለሚያቈስል፣ በአንጀት ውስጥ በሰላም ይኖሩ የነበሩ እንደ ኢ ኮላይና እንደ ክሌብሲየላ ያሉ ተሕዋስያን ወደ ደም ይሻገራሉ።

በእንዲህ ያለው ሰው ላይ መግል ወይም እብጠት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ መግልን የሚያስገኙት ዘበኞች የሉምና። የሚሰማው ደወል ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ጊዜ 38.3 ዲግሪ ቢደርስ፣ ወይም በ38 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ቢቈይ፣ ሐኪሞች የደሙን ናሙና ወስደው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በደም ሥሩ መስጠት እንዲጀምሩ ይመከራል። መቅኔ ለሚተካላቸው ሕሙማን ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ይህን ሕክምና አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ጀመሩት፤ በ1990ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። የሕመምተኛው የራሱ መቅኔ በመድኃኒት ከጠፋ በኋላ አዲሱ ግንደ ሕዋስ እንደ ደም በሥሩ ይሰጠዋል፤ ሥር እስኪሰድም ድረስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያለ ዘበኛ ይኖራል። ይህንኑ ፍለጋ እስከ ህንድ አገር የተጓዙ ወገኖች አሉን። እንግዲህ የደም ካንሰር ሕክምና ሁሉ የተመሠረተው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱ ይሠራል በሚል እምነት ላይ ነው።

በሆሳዕና፣ ከሐዲያ ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በነበረችው በንግሥት ዕሌኒ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ። ሆኖም የደም ካንሰር ለተገኘበት ሰው መንገዱ ለብዙ ዓመታት 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ መድረስ ነበር። ከዘመዶቻችን አንዱ፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዚሁ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛው ዙር ሲፈጸም ለመስቀል ወደ አገሩ ወረደ። በበዓሉ ማግሥት ሌሊት ትኩሳት ያዘው። አንዳንዶቹ እስኪነጋ እንታገሥ አሉ፤ አንዲት ጎረቤት በደግነት ክኒን ይዛ መጣች። አክስቱ ግን ሐኪሙ የነገሯትን አስታውሳ መኪና አስጠራች፤ በአቅራቢያው ካለ ጤና ተቋም የመጀመሪያውን መርፌ አስወግታ በዚያው ሌሊት ይዛው ወጣች።

በሦስተኛው ቀን የደሙ ምርመራ ውጤት ደረሰ። በደሙ የተገኘው ክሌብሲየላ ሲሆን፣ የተሰጠውንም ሆነ በሆስፒታሉ የነበሩትን መድኃኒቶች ሁሉ የተላመደ ነበር። ቀርቶ የነበረው አንድ መድኃኒት በአንድ በሬ ዋጋ የሚገዛ ነው። ወንድሞቹ በየመድኃኒት ቤቱ ሲንከራተቱ ሁለት ቀን አለፈ፤ በአምስተኛው ቀን አገኙት፤ በስድስተኛው ቀን ልጁ ዐረፈ። ሐኪሙ ለቤተሰቡ የነገሩት ቃል እስከ ዛሬ ያሳዝነናል፤ በመጨረሻው የመቅኔ ምርመራ ካንሰሩ ጠፍቶ ለማለት ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር። ልጁን የገደለው ካንሰሩ አልነበረም።

እናቱ በልቅሶው መካከል፣ «ልጄ ያን መድኃኒት ከዚያ በፊት ቀምሶት አያውቅም፤ እንዴት ሊላመደው ቻለ?» ብላ ጠየቀች። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በዚህ ነው። መድኃኒቱን የሚላመደው ሰው አይደለም፤ ተሕዋሱ ነው። ክኒን ባልተሟላ መጠን ሲወሰድ ደካሞቹ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ይተርፋሉ፤ ይበዛሉም። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ አንዱ ተሕዋስ የመቋቋሚያ ጥበቡን ዘመዱ ላልሆነ ለሌላ ተሕዋስ ጭምር ማውረስ መቻሉ ነው። ከዚያም በእጅ፣ በውሃ፣ በሆስፒታል አልጋ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ጤነኛው በአንጀቱ ተሸክሞት ሳያውቀው ይኖራል፤ ዘበኛ የሌለው ሰው ግን ይሞትበታል። እንግዲህ አንዱ የጀመረውን ክኒን ሌላው በደሙ ይከፍልበታል ማለት ነው።

ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሳቸው፣ በ1945 የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ፣ መድኃኒቱ በማይበቃ መጠን ቢወሰድ ተሕዋስያኑ እንደሚላመዱት አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው ሰሚ አላገኘም። በ2019 ዓመት ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን በቀጥታ እንደ ገደሉ ሊቃውንት ገምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ባወጣው ዝርዝር፣ ብርቱ መድኃኒቶችን የተላመደውን የክሌብሲየላን ወገን ከፍተኛ ሥጋት ካላቸው ተርታ አስቀምጦታል።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? አስቀድሞ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዛ፤ የታዘዘውን እንደ ታዘዘው ይፈጽም፤ የተረፈ ቢኖር ለጎረቤት አይስጥ። በቤቱ የደም ካንሰር ሕመምተኛ ያለበት ደግሞ ቴርሞሜትር አይጥፋበት፤ ትኩሳት ሲነሣ ሌሊት ነው ብሎ አይዘግይ። በያሆዴና በመሳላ በዓል ለሕመምተኛው ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት አይቅረብለት፤ የተቀቀለና ትኩስ ምግብ ይሰጠው። ሕመምተኛን መጠየቅ በጎ ምግባር ነው፤ ሆኖም አሥር ሰው በአንዲት ክፍል ከሚታጨቅ፣ አንድ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ቢገባ፣ ጉንፋን የያዘውም ከደጅ ሆኖ ቢጠይቅ ፍቅሩ አይጎድልም። ጠበልንም በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በኤች አይ ቪ ጊዜ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ አስተምራለችና፣ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ያልተፈላ ውሃ ለመጠጣትም ሆነ ከብዙ ሕዝብ ጋር ለመጠመቅ የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ያማክር።

የእድር ሰብሳቢዎችንም አንድ ነገር እንለምናለን። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ገንዘብም ያወጣል። ከዚሁ ገንዘብ ጥቂቱ ሰው ሳይሞት በፊት፣ ሌሊት ትኩሳት ለያዘው ሕመምተኛ የመኪና ኪራይ ቢሆን፣ ምናልባት ድንኳኑ ሳይተከል ይቀር ይሆናል። ጎረቤትም መጥቶ፣ «የተረፈ ክኒን አላችሁን?» ብሎ ሲጠይቀን፣ የለንም ብለን በሩን አንዝጋበት፤ ነጠላችንን አጣፍተን እስከ ጤና ጣቢያው እንሸኘው።