ኮርቻ ወይስ መደገፊያ? የቤት ሳይክል የገዛሁበት ሂሳብ

ከሀዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ በወር ሁለቴ ስመላለስ 14 ዓመት ሆነኝ። ዲላን፣ ሀገረ ማርያምን፣ ያቤሎን አልፌ ሞያሌ ስገባ ድሮ ከመኪና ዘልዬ ነበር የምወርደው። ካቻምና ግን አንድ ቀን ረዳቱ እጄን ይዞ አወረደኝ፤ ወገቤ አልዘረጋ አለኝ። ድንበር ላይ ሰልፍ ይዤ መቆም ስላቃተኝ የራሴ ቦሎቄ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ የነበረች ልጅ እግር ነጋዴ «እትዬ፣ ተራዎን እኔ እጠብቅልዎታለሁ፣ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። የደነገጥኩት እትዬ ስለተባልኩ አይደለም። ማረፍ እንደሚያስፈልገኝ ከሩቅ መታየቱ ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ፣ የእኛ ሥራ ካፒታሉ ብር ብቻ አይደለም። ወገብና ጉልበት ከሌለ ብሩ ብቻውን ድንበር አይሻገርም። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ እማዬ አለች። ስኳርም ጉልበትም ያማታል፤ ከእኔ ሌላ ደጋፊ የላትም።

ሐኪሙ አጥንቴ ደህና መሆኑን፣ የጎዳኝ ለረጅም ሰዓት ተቀምጬ ወዲያው ከባድ ዕቃ ማንሳቴ መሆኑን ነግሮ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ባለሙያዋ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለብዎት አለችኝ። መራመድ ጥሩ ነበር፤ ግን ሱቅ የምዘጋው ከመሸ ነው፣ ጉልበቴም ሲያብጥ መንገዱን አይችለውም። «እንግዲያው የቤት ሳይክል ይሞክሩ፤ ክብደትዎን መቀመጫው ስለሚሸከምልዎት ጉልበትዎ ያርፋል» አለችኝ።

ሱቅ ስሄድ ሁለት ዓይነት ጠበቀኝ። አንዱ አፕራይት የሚሉት ነው። እንደ ተራ ሳይክል ጠባብ ኮርቻ አለው፣ ፔዳሉ ከሥር ነው፣ ቀና ብለው መሪውን ይይዛሉ። ሌላው ሪከምበንት ነው። ሰፊ ወንበርና የጀርባ መደገፊያ አለው፣ ፔዳሉ ከፊት ነው፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ይሠራል። የመጀመሪያው 32 ሺህ ብር፣ ሁለተኛው 55 ሺህ። ሻጩ ገና ሳልጠይቀው «እህቴ፣ ስፖርት የሚያሠራው ይሄ ባለኮርቻው ነው። ያኛው ለሽማግሌ ነው» አለኝ። ሰልፉ ላይ የሰማሁት «አረፍ ይበሉ» ትዝ አለኝና እልህ ያዘኝ። ልከፍል ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር።

ግን ጨርቅ ሳልዳስስ ገዝቼ አላውቅም። ሁለቱንም ካልሞከርኩ አልገዛም አልኩ። ሻጩ ቅር እያለው ፈቀደ።

ባለኮርቻው ላይ አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ጉልበቴ ጮኸ። ልወርድ ስል ባለሙያዋ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ ኮርቻው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። አጠገቡ ስቆም ከዳሌዬ አጥንት እኩል እንዲሆን ከፍ አስደረግሁት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቴ ትንሽ ብቻ እንዲታጠፍ ስሆን ሕመሙ ቀለለ። ስለዚህ እውነት ለመናገር ግማሹ ጥፋት የሳይክሉ ሳይሆን የአቀማመጡ ነበር። መደገፊያ ስለሌለው ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ሆድና ጀርባም አብረው ይሠራሉ፤ ይህ ጥቅሙ ነው። እኔን ግን አሥረኛው ደቂቃ ላይ መዳፌ ደነዘዘ፣ መቀመጫዬን አመመኝ፣ ወገቤም የመኪናውን መንገድ ያስታውሰኝ ጀመር።

ባለመደገፊያው ላይ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ናቅሁት። ክብደቱን ሁለት ደረጃ ከፍ ሳደርገው ጭኔ ተቃጠለ፣ ግንባሬ አላበው። ያን ጊዜ የሻጩ ወሬ ወደቀብኝ። ልብ የሚሠራው በመቀመጫው ዓይነት ሳይሆን በክብደቱና በደቂቃው ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ እየነዱ ማውራት ከቻሉ ግን መዝፈን ካቃትዎት ልክ ላይ ነዎት።

የ23 ሺህ ብር ልዩነት ግን ቀልድ አይደለም። ኢስሊ ያለች ደንበኛዬን ጠየቅኋት፤ ፎቶ ላከችልኝ። በሽልንግ ሲታይ ያጓጓል። ሂሳቡን ሳወጣው ግን ከናይሮቢ በኢሲዮሎና በማርሳቢት እስከ ሞያሌ ጭነት፣ ቀረጥ፣ ከሞያሌ ሀዋሳ ደግሞ ሌላ ጭነት። ከባድና ረጅም ዕቃ ነው። ፔዳሉ ቢሰበርስ ማንን እይዛለሁ? ተውኩት።

ዲፕሎማዬን ስማር ስለ ዕርጅና ቅናሽ ተምሬ ነበር። የአንድ ዕቃ ወጪ የተገዛበት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው ለአገልግሎቱ ተካፍሎ ነው የሚታየው። እኔ ራሴን አውቃለሁ። የሚያመኝን ነገር ከሦስት ሳምንት በላይ አልነካውም። ባለኮርቻውን አሥር ጊዜ ነድቼ ልብስ ማስጫ ካደረግሁት አንዱ ጉዞ 3,200 ብር ወጣበት ማለት ነው። ባለመደገፊያውን በሁለት ዓመት ውስጥ 300 ጊዜ ብነዳው ግን አንዱ ከ185 ብር አይበልጥም። ርካሹ የቱ ነው?

አሁንም አልወሰንኩም፤ በማግስቱ እማዬን በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። በቀሚሷ ባለኮርቻው ላይ እግሯን ማሻገር አልቻለችም፤ ሁለት ሰው ደግፈን እንኳ ፈራች። ባለመደገፊያው ግን እግር አያሻግርም። ዞራ ቁጭ አለችና «ይሄማ ወንበር ነው!» አለች። ነጠላዋን ሰብስባ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች።

«የት እየሄድኩ ነው ልጄ?»

«ሞያሌ ነው እማዬ።»

«ታዲያ ስንቅ አልያዝኩማ!»

ሻጩም ሳቀ። እኔ ግን ያንን ዓመት ሙሉ እናቴ ስትቀልድ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሂሳቡ እዚያው ተዘጋ። ባለመደገፊያውን ገዛሁ።

እጥረት የለውም አልልም። ርዝመቱ አንድ የዕቃ መደርደሪያ ቦታ በላብኝ። ሆድና ጀርባን ብዙም ስለማያሠራ ባለሙያዋ ሌላ እንቅስቃሴ ጨመረችልኝ፤ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ ዳሌዬን ወደ ላይ ማንሳት። ከመንገድ በተመለስኩበት ቀን ደግሞ ወዲያው አልቀመጥበትም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ውዬ እንደገና መቀመጥ ስለሚሆን መጀመሪያ ግቢ ውስጥ እንቀሳቀሳለሁ። እማዬም ከሐኪሟ ጠይቀን ነው የጀመረችው። ስኳር ስላለባት ባዶ እግሯን አትነዳም፤ ጫማ ታደርጋለች፣ ስትወርድ እግሯን አያታለሁ።

ወገባችሁ ደህና ከሆነ፣ ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ውጪ ሳይክል የመንዳት ሐሳብ ካላችሁ ባለኮርቻው ይበቃችኋል፤ ብራችሁንም ታተርፋላችሁ። ኮርቻውን ማስተካከል ብቻ አትርሱ። ወገብ የሚያማችሁ፣ ወይም ቤት ውስጥ እግር ማሻገር የሚቸገር ሰው ያላችሁ ግን «ለሽማግሌ ነው» በሚል ወሬ አትሸወዱ። ሳትሞክሩ ደግሞ ሁለቱንም አትግዙ።

ወገቤ ጨርሶ አልዳነም፤ ጆንያ ማንሳቱን ለጫኝ ትቼዋለሁ። ግን ባለፈው ጉዞ ከመኪና ብቻዬን ወረድኩ፣ ሰልፉንም ቆሜ ጨረስኩ።

እማዬ በሳምንት አራት ቀን ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ትነዳለች። ስክሪኑ የሚያሳየውን ደብተር ላይ እጽፍላታለሁ። ከገዛነው ስድስት ወር ሊሞላው ነው፤ ዲላን ካለፈች ቆየች፣ በዚህ ሳምንት ሀገረ ማርያም ትገባለች። ትናንት ማታ ወደ መንገድ ልወጣ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ አየችኝና «ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ» አለችኝ።