ቢጫዋ ውሃ

ናኖ ቅንጣት ሲባል ከደብተራችን የማይወጣ የፈረንጅ ጉዳይ ይመስለን ነበር። ባለፈው መስከረም ለልምምድ በወጣንበት ሆስፒታል ግን አገኘነው፤ ካላዛር ክፍል፣ ከአልጋ በላይ የተንጠለጠለ ቢጫ ውሃ ሆኖ።

በሽተኛው አምና ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደ ልጅ ነው፤ እኩያችን። ጣፊያው እምብርቱ ደርሷል። «ዶክተሮች፣ ይቺ ናት የምታድነኝ?» አለን። (ገና ተማሪዎች ነን፤ አላረምነውም።) ለማስረዳት ተሽቀዳደምን። አምፎቴሪሲን ቢ እንዲሁ ሲሰጥ ኩላሊት ይጎዳል። ከ100 ናኖሜትር ባነሰች የስብ ከረጢት ሲቋጠር ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። የካላዛር ተሕዋሲ የሚደበቀው ባዕድ ነገር በሚውጡት የሰውነት ዘቦች ሆድ ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከረጢቷንም ይውጧታል። መድኃኒቱ ከጠላቱ ደጃፍ ደረሰ ማለት አይደል? ኧረ አነጋገራችን ማማሩ!

ልጁ ሰምቶን ሲያበቃ፣ «እንግዲያ አንዴ ስጡኝና ልሂዳ፤ የዘንድሮ አጨዳ ሊያልፈኝ ነው» አለ።

አፋችን ተያዘ። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሕንድ አገር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ብዙዎችን አድኗል። በኢትዮጵያና በሱዳን ሲሞከር ግን አንዴው አልበቃም። ቀኑ ብዙ ነው።

ቅድም የተሽቀዳደምነው ሁሉ፣ ማን ይንገረው ብለን ተያየን።