ለቆራሌው ያልተሸጡ ወረቀቶች

ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈራችን የሚያልፈውን ሰው የማታውቁ የላችሁም። አሮጌ ብረት፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ያለቀ ደብተር፣ የቆየ ጋዜጣ፣ ሁሉንም ይገዛል። ዛሬ የማወጋችሁ በሩቅ አገር ስላየሁት አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ታዲያ ነገሬን ከቆራሌው የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን እንደርስበታለን።

ለአጭር ሥልጠና ወደ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ሄጄ በነበረ ጊዜ ያረፍኩት ኦክላንድ ከተማ፣ ከአክስቴ ልጅ ዘንድ ነበር። አረጋውያንን በማስታመም ሥራ ሌሊት ሌሊት የምትደክም፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። በዕረፍት ቀኗ «ምን ላሳይሽ? ትልቁን ድልድይ ወይስ ባሕሩን?» ብላ ጠየቀችኝ። «የአንድ ደራሲ ወረቀቶች የተቀመጡበትን ቤት» ስላት ሳቀችብኝ። «ወረቀት ለማየት ነው ይህን ሁሉ ባሕር የተሻገርሽው?» አለች። ቢሆንም ቁርሴን አብልታ እስከ ባቡሩ ጣቢያ ሸኘችኝ።

ባርት የሚሉት የከተማ ባቡር ከኦክላንድ በርክሌይ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከጣቢያው ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደ ተራመዳችሁ በ1868 የተመሠረተውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ታገኛላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ስናወራ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከግቢው ሕንጻ ሁሉ በፊት የተቀበለኝ ሽታ ነበር። ቀና ስል ግንዳቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ፣ ልጣቸው የተንጠለጠለ ባሕር ዛፎች! ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። እንደ እኛ አገሩ ሁሉ የእነዚህም ዘር የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ልዩነቱ፣ በእነዚህ ሥር ጭራሮ የምትለቅም፣ ቅጠል በጀርባዋ የተሸከመች እናት አታልፍም። ዓይኔን ብጨፍን ግን እንጦጦ ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ዳገቱን ይዛችሁ ስትወጡ ካምፓኒሌ የሚባለው፣ ቁመቱ ከ90 ሜትር የሚበልጥ የሰዓት ማማ ይታያችኋል። ከማማው አጠገብ ያለው ሕንጻ ባንክሮፍት ቤተ መጻሕፍት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1905 ከሰብሳቢው ከሂዩበርት ባንክሮፍት ላይ የገዛው ሲሆን፣ የደራሲው የማርክ ትዌይን ወረቀቶችም የሚገኙት እዚሁ ነው።

እዚህ ቤት ገብቶ ለማንበብ ሥርዓት አለው። መታወቂያ አሳይታችሁ ትመዘገባላችሁ። ቦርሳችሁን፣ ካፖርታችሁን፣ ውኃችሁን ሳይቀር ውጭ ታስቀምጣላችሁ። እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው። ቀለም በስሕተት ቢነካው የማይለቅ ወረቀት፣ እርሳስ ቢነካው ይጠራልና። ከዚያም ሳጥን ይመጣላችኋል። ከሳጥኑ አንድ ማኅደር ብቻ ታወጣላችሁ፤ እሱን አንብባችሁ በቦታው ሳትመልሱ ሌላው አይነካም። አነጋገሩ ሁሉ በሹክሹክታ ነው። እንቅልፍ የያዘው ሕፃን ያለበት ቤት ይመስላል።

ለማየት የሄድኩት የኢርቪንግ ስቶንን ወረቀቶች ነበር። ስቶን የሕይወት ታሪክን በልብ ወለድ መልክ በመጻፍ የታወቀ አሜሪካዊ ደራሲ ነው። አቤ ጉበኛ የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት «አንድ ለናቱ» ብሎ እንደ ተረከልን ሁሉ፣ ስቶንም በእውነት የኖሩ ሰዎችን እያጠና እንደ ልብ ወለድ ይተርካቸው ነበር። የተወለደው በ1903 ሳን ፍራንሲስኮ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተፋቱ፤ ስቶን የሚለው ስምም ኋላ እናቱን ያገባው የእንጀራ አባቱ ስም ነው። የንባብ ፍቅር ያሳደረችበትም እናቱ ነበረች። ከዚሁ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1923 ተመረቀ፤ በ1989 አረፈ። ወረቀቶቹ ከፊሉ እዚህ፣ ከፊሉ በሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ረቂቆች፣ የጥናት ማስታወሻዎች፣ ደብዳቤዎች፣ የግልም የሥራም ወረቀቶች ናቸው።

እኅቶቼ፣ እነዚህ ሳጥኖች ለምን ልቤን እንደ ነኩት ልንገራችሁ። የአንድ ወንድ ደራሲ ስም ተጽፎባቸዋል። ወረቀቱን ወደ ኋላ እየተከተላችሁ ስትሄዱ ግን የምታገኙት ሴቶችን ነው።

ስቶን ዝነኛ የሆነበት የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ስለ ቪንሴንት ቫን ጎግ የጻፈው ነው፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የመኖር ጥማት» ይሆናል። ወጣቱ ስቶን የሠዓሊውን ሥዕሎች ፓሪስ ላይ አይቶ ከተደነቀ በኋላ፣ የኖረባቸውን ስፍራዎች ተከትሎ አጠና፤ ጻፈም። አሳታሚዎች ግን አልተቀበሉትም። አንዱ መለሰው፣ ሌላው መለሰው፤ 17 አሳታሚዎች መለሱት። በዚህ ጊዜ ጂን ፋክተር የምትባል ወጣት ረቂቁን ተቀብላ የረዘመውን አሳጠረች፣ የተንዛዛውን ቆረጠች። ተቆርጦ ሲቀርብ አሳታሚ አገኘና በ1934 ታተመ። በዚያው ዓመት ተጋቡ። ጂን የሁለት ልጆች እናት ሆነች፤ የባሏንም መጻሕፍት እስከ መጨረሻው ድረስ ስታርም ኖረች። በ2004፣ በ93 ዓመቷ አረፈች። አንባቢ ከአንድ ገጽ ወደሚቀጥለው ሳይሰለች ሲያልፍ «ግሩም ደራሲ!» ይላል። ያልተጻፈውን፣ ማለት የተቆረጠውን፣ የሚያይለት የለም።

ወደ ኋላ ደግሞ አንድ እርምጃ እንሂድ። ስቶን ያን መጽሐፍ ለመጻፍ የተመረኮዘው ቫን ጎግ ለወንድሙ ለቴዎ በላካቸው ደብዳቤዎች ላይ ነው። ከዘመን የተረፉት 650 ያህል ናቸው። ሠዓሊው በሐምሌ 1890 ሞተ። ስድስት ወር ሳይሞላ ቴዎም ተከተለው። ሚስቱ ዮሐና የ28 ዓመት ሴት ነበረች፤ ትዳሯ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በእቅፏ ያለው ልጅም ገና ዓመቱን አልደፈነም ነበር። በእጇ የቀረው በዚያን ጊዜ ገዢ ያልነበረው የሥዕል ክምርና የደብዳቤ ጥቅል ነው። ዮሐና ቡሱም በምትባል የሆላንድ ከተማ እንግዳ የሚያርፍበት ቤት ከፈተች። ተከራይ እያስተናገደች፣ ጽሑፍ እየተረጎመች ልጇን አሳደገች። ማታ ማታ ደብዳቤዎቹን አነበበች፣ ቀን ያልተጻፈባቸውን በቅደም ተከተል አኖረች። በ1914 በሦስት ቅጽ አሳተመቻቸው። እስቲ አስቡት፤ ያ ጥቅል ለምድጃ ማቀጣጠያ ውሎ ቢሆን ኖሮ ዓለም ቫን ጎግን በሥዕሉ እንጂ በልቡ አያውቀውም ነበር። ስቶንም መጽሐፉን የሚጽፍበት ነገር አያገኝም ነበር።

ስለ ጣሊያናዊው ቀራጺ ስለ ሚኬላንጄሎ በ1961 ያሳተመው መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ስቶን ለዚህ ሥራ ዓመታት ጣሊያን ኖሮ፣ ከእብነ በረድ ጠራቢ ዘንድ እንደ ተለማማጅ ሆኖ ድንጋይ ጠርቧል። የቀራጺውን 495 ደብዳቤዎችም ከጣሊያንኛ አስተርጉሞ፣ እሱና ጂን አዘጋጅተው በ1962 በመጽሐፍ አወጧቸው። የሚገርመው፣ ከእነዚያ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የቤት ጉዳይ ናቸው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቤት ግዢ፣ ስለ ወንድሙ ልጅ ጋብቻ የተጻፉ ናቸው። የቤተሰብ ነገር ነው ተብለው ቢጣሉ ኖሮ ስንት ነገር በቀረ ነበር!

ስቶን ራሱም ይህን ሳያስተውል የቀረ አይመስለኝም። ከመጻሕፍቱ በርከት ያሉት የታላላቅ ሰዎችን ሚስቶች የያዙ ናቸውና። በ1944 የጻፈው ስለ ጄሲ ቤንተን ፍሬሞንት ነው። ባሏ የአሜሪካን ምዕራብ እየዞረ ያጠና መኮንን ሲሆን፣ የጉዞ ዘገባውን እሱ እየተናገረ እሷ ትጽፍለት ነበር። ኋላም ቤተሰቡ በተቸገረ ጊዜ በብዕሯ አስተዳድራለች። የጄሲም የቤተሰብ ወረቀቶች የሚገኙት በዚሁ በባንክሮፍት ነው። ስለ እሷ የጻፈውና የተጻፈላት በአንድ ጣሪያ ሥር አርፈዋል ማለት ነው። በ1965 ደግሞ ስለ አቢጌል አዳምስና ስለ ባሏ ጻፈ፤ ሰውየው ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ባልና ሚስቱ የተለዋወጧቸው ከ1,100 የሚበልጡ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። አቢጌል ስለ ጦርነቱም ስለ እርሻውም፣ ስለ ልጆች ሕመምም በአንድ ወረቀት ላይ ትጽፍ ነበር።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ማኅደሩን ወደ ሳጥኑ ስመልስ እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን ወደ ቆራሌው እንመለስ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ልጆች ከወለደች በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር። መጻፍ ከቻለች ወዲህ ደብተር ከእጇ አልተለየም። የዕቁብ ተራዋን፣ የዕድር ክፍያዋን፣ እኛ የተወለድንበትንና የተከተብንበትን ቀን፣ ለየትኛው ጎረቤት ስንት ጣሳ ጤፍ እንዳበደረች፣ ሁሉንም በዚያ በትልልቅ ፊደሏ ትጽፍ ነበር። ዐርፋ ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ቤቱን ስናጸዳ፣ ደብተሮቿን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ከአንድ ሰባራ የብረት አልጋ ጋር ለቆራሌው የሸጥኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ በጽሑፍ የማድር ሰው ነኝ። ስንት ብር እንደ ተቀበልኩ እንኳ አላስታውስም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኔ ግን የተጻፈልኝን ውርስ በኪሎ ሸጥኩት።

ያን ዕለት ማታ ኦክላንድ ተመልሼ፣ ቡና እየጠጣን ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። አንዳችም ሳትናገር ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ስትመለስ ከአገር ስትወጣ ይዛው ከወጣችው ሻንጣ ያወጣችውን ፖስታ ይዛ ነበር። በውስጡ አንድ ደብዳቤ አለ፤ እናቴ በ1988 ዓ.ም. የጻፈችላት። ፊደሎቿን ገና ከሩቅ ዐወቅኋቸው። ቁም ነገሩ አንድ ገጽ አይሞላም፦ በርበሬና ሽሮ በሰው እጅ ልኬልሻለሁ፣ ሲደርስሽ ጻፊልኝ፤ ትንሿ ልጄ ትኩሳት ይዟት ነበር፣ ዛሬ ተሽሏት ምሳዋን በላች ይላል። ትንሿ ልጅ እኔ ነኝ። ያን ትኩሳት የሚያስታውስ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፤ ያ ወረቀት ግን አለ።

«ይህን ለእኔ ስጪኝ» አልኳት።

«አልሰጥሽም» አለች፤ «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ለቆራሌው ትሸጪዋለሽ።»

እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ፤ እውነቷን ነው። በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁትና ደብዳቤው ወደ ሻንጣው ተመለሰ።

እናንተ ደግሞ በየቤታችሁ ይህን ለማድረግ ትልቅ ሕንጻም ገንዘብም አያስፈልጋችሁም። የእናትና የአባት ደብዳቤ፣ የአያት ፎቶግራፍ፣ የዕድር ደብተር፣ የልጅ ካርድ ካለ ለይታችሁ በአንድ ካርቶን አኑሩት። ከማድ ቤት ጢስ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት፤ ወለል ላይ አታስቀምጡት። የሚዝገውን ስፒልና አግራፍ ንቀሉለት፤ የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ፣ ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሸዋልና። በፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። የማታውቁት ሰው ካለ የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ለልጆቻችሁም ሳጥኑን አንድ ቀን ከፍታችሁ አሳዩአቸው፤ ምን እንደ ሆነ የማያውቁትን ነገር ጠብቁ ብንላቸው አይጠብቁትምና።

ቆራሌው ነገ ጠዋትም በደጃችሁ ያልፋል። ብረቱንና ጠርሙሱን ሽጡለት። ደብተሩን ግን አስቀድማችሁ ገልጣችሁ እዩት።